ሳያርሱ የሰፈሩ ሰዎች



በሰሜን ጃፓን አኦሞሪ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። እዚያ ኦዳይ ያማሞቶ ከተባለ ሥፍራ በ1998 ጥቂት ገሎች ከመሬት ወጡ። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ገሎቹ ጌጥ የላቸውም፤ መንገድ ላይ ወድቀው ቢገኙ ማንም ጎንበስ ብሎ አያነሳቸውም። በአንዳንዶቹ ላይ ግን ያረረ ነገር ተጣብቆ ቀርቷል። እሳት ላይ ቆይቶ የከሰለ ምግብ ነው። ያ ጥቁር ቅሪት በካርቦን 14 ተመረመረና ዕድሜው 16 ሺሕ 500 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ።

ቁጥሩ ባለሙያዎቹን ለምን እንዳስደነገጠ ላስረዳ። በዚያ ጊዜ ምድር ከበረዶ ዘመን ገና አልተላቀቀችም። በዓለም ላይ አንድ ማሳ፣ አንድ ገበሬ አልነበረም፤ በመካከለኛው ምሥራቅ ስንዴና ገብስ መዘራት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ብዙ ሺሕ ዓመታት ቆይቶ ነው። አብዛኞቻችን በትምህርት ቤት የተማርነው ደግሞ እንዲህ የሚል ነው፦ ሰው በመጀመሪያ ከአውሬ ጋር እየተጋፋ፣ ያገኘውን እየቀመሰ ሲንከራተት ኖረ፤ ኋላ ማረስ ቻለ፤ ስላረሰ አንድ ቦታ ረጋ፤ ስለረጋ ጎተራና ሸክላ ሠራ፤ ጠግቦ ማደር ሲጀምር ወደ ጥበብና ወደ እምነት ፊቱን አዞረ። ይህ ቅደም ተከተል ለአንዳንድ አገር ያስኬድ ይሆናል። ለጃፓን ደሴቶች ግን አልሠራም።

በእነዚያ ደሴቶች የኖሩት ሰዎች ማሳ ሳይኖራቸው ድስት ነበራቸው። ማሳ ሳይኖራቸው መንደር ነበራቸው፤ መቃብር፣ ጎተራ፣ የሩቅ ንግድና እጅን በአፍ የሚያስጭን ጥበብም ነበራቸው። ይህን ኑሮ ከ10 ሺሕ ዓመት በላይ ይዘውት ቆዩ። ታሪክ ጸሐፊዎች የጆሞን ዘመን ይሉታል። ዛሬ ላሳምናችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ እነዚህ ሰዎች ገበሬ ለመሆን ተራ ሲጠብቁ የኖሩ አይደሉም። ኑሯቸው በራሱ ሙሉ ነበር፤ መመዘንም ያለበት በራሱ ሚዛን ነው።

ጃፓን ስለ ራሷ በጽሑፍ መናገር የጀመረችው ዘግይታ ነው። ጥንታዊ የሚባሉት ሁለት መጻሕፍቷ፣ ኮጂኪና ኒሆን ሾኪ፣ የተጠናቀሩት በ712 እና በ720 ነው። መጻሕፍቱ የነገሥታቱን ዘር ከፀሐይ አምላክ ከአማተራሱ ያወርዳሉ፤ በባህላዊው ቆጠራ የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ጂሙ የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ660 ነው። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ድረስ የጃፓን ተማሪ ይህን እንደ ታሪክ ይማር ነበር። ከጂሙ በፊት በአገሩ ማን ይኖር እንደነበር አጥብቆ መጠየቅ የሚያስወድድ ነገር አልነበረም።

መልሱ ግን ከመሬት በታች ተቀምጦ ነበር። በ1877 ኤድዋርድ ሞርስ የሚባል አሜሪካዊ የእንስሳት ሊቅ ዛጎል ለባሽ የባሕር ፍጥረታትን ሊያጠና ጃፓን ገባ። ከዮኮሃማ ወደ ቶኪዮ በባቡር ሲጓዝ ኦሞሪ ከተባለ ጣቢያ አጠገብ፣ ለሐዲዱ ተብሎ በተቆረጠው ዳገት ላይ፣ የዛጎል ድርብርብ አየ። በአገሩ ተመሳሳይ ክምር አይቶ ያውቅ ስለነበር የሰው እጅ ሥራ መሆኑ አልጠፋውም። በዚያው ዓመት አስቆፈረው፤ በ1879 የጥናቱን መጽሐፍ አሳተመ። ሸክላዎቹ እርጥብ ሳሉ ገመድ ተንከባሎባቸው አሻራውን ትቶ ነበርና ዘመኑም «ጆሞን»፣ ማለትም የገመድ ንድፍ፣ የሚለውን ስሙን ከዚያ አገኘ።

የዛጎል ክምር ለዚህ ታሪክ ባለውለታ ነው። የጃፓን አፈር በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ፣ አሲድ የበዛበት አፈር በመሆኑ አጥንትን በልቶ ይጨርሳል። ዛጎል ደግሞ ኖራ አለው፤ ኖራው አሲዱን ያበርደዋል። ስለዚህ በክምሩ ውስጥ የገባ የዓሣ አጥንት፣ ከአጋዘን ቀንድ የተቀረጸ መንጠቆና የሰው አጽም ሺሕ ዓመታትን ይሻገራል። ሰዎቹ ሙታናቸውንና ውሾቻቸውን ሳይቀር እዚያ ይቀብሩ ስለነበር፣ ብዙ መጻሕፍት እንደሚሉት «የቆሻሻ ክምር» ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ቺባ ውስጥ ካሶሪ በተባለው ሥፍራ ሁለት ክምሮች ጎን ለጎን ተያይዘው ይገኛሉ፤ አንዱ እንደ ቀለበት የዞረ፣ ሌላው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ነው፤ የሁለቱም ስፋት ከ100 ሜትር ይበልጣል። ያንን ያህል ዛጎል ለመከመር የስንት ትውልድ እራት እንዳስፈለገ አስቡት።

ከጆሞንም በፊት ሰው ነበረ። ይህን ያረጋገጠው አይዛዋ ታዳሂሮ የሚባል፣ ናቶ የተሰኘውን የተብላላ የአኩሪ አተር ምግብ እየዞረ በመሸጥ የሚተዳደር ወጣት ነው። በ1946 ጉንማ ውስጥ ኢዋጁኩ ከተባለ ቦታ፣ መንገድ በተቆረጠበት ቀይ አፈር ውስጥ፣ የተጠረበ ድንጋይ አየ። ቀዩ አፈር የበረዶ ዘመን የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ በዚያ ዘመን ሰው እዚያ ሊኖር አይችልም ተብሎ ይታመን ስለነበር ማንም ከዚያ በታች አይቆፍርም ነበር። በ1949 የሜጂ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ቆፍሮ ትክክለኛነቱን መሰከረ። ዛሬ ሰው ወደ ደሴቶቹ ከገባ 38 ሺሕ ዓመት ገደማ እንደሆነው ይታወቃል። እነዚያ ቀዳሚዎች ባልጩት ፍለጋ ባሕር አቋርጠው ኮዙ ወደተባለች ደሴት ይመላለሱ ነበር። ባሕሩ እጅግ በጎደለበት ጊዜ እንኳ ኮዙ ከዋናው መሬት ጋር አልተገናኘችም፤ ያለ ታንኳ የሚደረስባት አልነበረችም።

የቀዳሚነት ፉክክር ግን ሰውን ያሳስታል። በ2000 ማይኒቺ የተባለው ጋዜጣ፣ ዕድሜያቸው በመቶ ሺዎች ይቆጠራል የተባሉ የድንጋይ መሣሪያዎችን ተራ በተራ «በማግኘት» የታወቀ አንድ ቆፋሪ፣ ድንጋዮቹን ራሱ ሲቀብር በካሜራ ይዞ አወጣው። የመማሪያ መጻሕፍት መታረም ነበረባቸው። በሸክላ ቀዳሚነትም ቢሆን ጃፓን ብቻዋን አይደለችም፤ በደቡብ ቻይና ሺያንረንዶንግ በተባለ ዋሻ የተገኙ ገሎች ዕድሜ 20 ሺሕ ዓመት ገደማ መሆኑ በ2012 ተገልጿል። ይህ የጆሞንን ክብር አይቀንሰውም። እኔን የሚገርመኝ ማን ቀደመ የሚለው ሳይሆን፣ ድስቱን ይዘው ምን አደረጉ የሚለው ነው።

ምን አደረጉበት? አበሰሉበት። በ2013 ኔቸር በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ከ15 ሺሕ እስከ 12 ሺሕ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸውን የጃፓን ገሎች መርምሮ፣ በሸክላው ውስጥ ሰርጎ የቀረው ስብ በአብዛኛው የዓሣ መሆኑን አሳየ። ኋላ አየሩ ሲሞቅ በረዶው ቀለጠ፣ ባሕሩ ወጣ፤ የባሉጥ፣ የዋልነትና የቼስትነት ደን ደሴቶቹን ሸፈነ። ከ7 ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት የቶኪዮ ሰላጤ ዛሬ ሜዳ በሆነው ምድር ላይ እጅግ ርቆ ገብቶ ነበር፤ ከዛሬው ባሕር በብዙ ኪሎ ሜትር ርቀው የዛጎል ክምሮች የሚገኙት ለዚህ ነው። ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር በአንድ በኩል፣ ፍሬ የሚያረግፍ ደን በሌላ በኩል፣ ሳልሞን የሚወጣበት ወንዝ ደግሞ በመካከል። ከእነዚህ መገናኛ ላይ ጎጆ የቀለሰ ሰው ወዴት ይሂድ?

ይህ ማለት ግን እጁን አጣጥፎ ይበላ ነበር ማለት አይደለም። ቼስትነት እንደ ለውዝ ተጠብሶ ወይም ተቀቅሎ የሚበላ፣ ጣፋጭ ፍሬ ነው። ቶቺ የሚሉት ሌላው ፍሬና ብዙዎቹ የባሉጥ ዓይነቶች ግን መራራ ናቸው፤ እንዳሉ ቢበሉ ያሳምማሉ። መፈልፈል፣ መውቀጥ፣ በአመድ ውሃ መቀቀል፣ ከዚያም ለቀናት በወራጅ ውሃ ማጠብ ይፈልጋሉ። በምንጭና በጅረት ዳር ለዚህ ሥራ በእንጨት የተገነቡ ገንዳዎች በቁፋሮ ተገኝተዋል። ጎጃም ውስጥ ግብጦ ዘፍዝፎ ምሬቱን የሚያስለቅቅ ሰው የዚህን ሥራ አድካሚነት አስረጂ አያሻውም፤ ከመራራ ፍሬ ምግብ ማውጣት ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ ተፈትኖ የተገኘ እውቀት ነው። ድስት የሌለው ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ሊሠራ አይችልም። ሸክላው ደኑን ወደ ጎተራ ለወጠው ብል አላጋነንኩም።

የሥራ ዘመናቸውንም እናውቃለን። የዛጎል ቅርፊት እንደ ዛፍ ግንድ በየጊዜው መስመር እየጨመረ ያድጋል። ቅርፊቱ ተቆርጦ በማጉያ መነጽር ሲታይ የመጨረሻው መስመር እንስሳው በየትኛው ወቅት እንደተለቀመ ይናገራል። ውጤቱ እንደሚያሳየው ዛጎል ዓመቱን ሙሉ ቢለቀምም በብዛት የሚለቀመው በጸደይ ነበር። በልግ ሲመጣ ፍሬና ሳልሞን፣ ክረምት ሲገባ አጋዘንና የዱር አሳማ ይታደናል። የዓመቱን ዙር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሕዝብ ነበር።

ጭራሽ አይዘሩም ነበር ማለትም አይቻልም። ሸክላው ሲቦካ አብሮ የገባ ዘር፣ ሸክላው ሲተኮስ ተቃጥሎ ባዶ ቀዳዳ ይተዋል። ተመራማሪዎች በቀዳዳው ሲሊኮን አፍስሰው የዘሩን ቅርጽ መልሰው ያወጡታል፤ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ያዩታል። በዚህ ዘዴ ከ5 ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ጃፓን ተራሮች አኩሪ አተርና አዙኪ የተባለው ቀይ ባቄላ ከዱር ዘመዶቻቸው ይልቅ እየተለቁ እንደመጡ ተደርሶበታል። ሰው ሲንከባከበው ካልሆነ ዘር እንዲህ አያድግም። እንግዲህ ባቄላ የሚዘሩ፣ ዛፍ የሚንከባከቡ፣ ግን ገበሬ ያልሆኑ ሰዎች ነበሩ። ይህ ግራ የሚያጋባን «አዳኝ» እና «ገበሬ» ብለን የሠራነው አጥር ጠባብ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ አንድ መንደር ልውሰዳችሁ። አኦሞሪ ከተማ ዳር ሳናይ ማሩያማ የሚባል ኮረብታማ ሥፍራ አለ። በ1992 የክፍለ ሀገሩ አስተዳደር የቤዝቦል ስታዲየም ሊሠራበት ፈለገና ከግንባታው በፊት ቁፋሮ ተጀመረ። የወጣው ነገር ማንም ያልጠበቀው ሆነ። ቤቶች፣ ጎተራዎች፣ ርዝመቱ 32 ሜትር የደረሰ አዳራሽ፣ በመንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፉ መቃብሮች፣ ሳጥን በሳጥን የሚቆጠር ገል። መንደሩ ከ5,900 እስከ 4,200 ዓመት ገደማ በፊት፣ ማለትም ለ1,700 ዓመታት ሰው ኖሮበታል። 1,700 ዓመት! በዓለም ላይ ይህን ያህል ዕድሜ ያላቸው ከተሞች ስንት ናቸው?

በ1994 ቆፋሪዎቹ ስድስት ግዙፍ ጉድጓዶች አገኙ። በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት ሆነው ተሰልፈዋል፤ የእያንዳንዳቸው ስፋትም ጥልቀትም 2 ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁልጊዜ 4.2 ሜትር ነው። በጉድጓዶቹ ውስጥ የምሰሶዎቹ ግርጌ በውሃ ርሶ ሳይበሰብስ ቆይቷል፤ ውፍረታቸው አንድ ሜትር የሚሆን የቼስትነት ግንዶች ናቸው። እንዳይበሰብሱ ላያቸው በእሳት ተለብልቧል። ርቀቱ እኩል መሆኑ መለኪያ እንደነበራቸው ይናገራል፤ ግንዶቹን ጎትቶ ማቆሙ ደግሞ ብዙ ሰው በአንድ ቃል ይሠራ እንደነበር። ማማ ነበር? ቤተ አምልኮ? ባለሙያዎቹ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ በሥፍራው ዳግም የተሠራው ባለ ሦስት ወለል መዋቅር ጣሪያ ሳይደረግለት የቀረውም በዚህ ክርክር የተነሳ ነው። የአኦሞሪ ሕዝብ ቁፋሮውን ለማየት ጎረፈ፤ በዚያው ዓመት የስታዲየሙ ግንባታ ቆመ። ተጀምሮ የነበረን ግንባታ ለአምስት ሺሕ ዓመት አሮጌ ጉድጓድ ብሎ ማቆም ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ አክብሮት የሚገባው ውሳኔ ነው። በ2021 ሳናይ ማሩያማን ጨምሮ በሰሜን ጃፓን የሚገኙ 17 የጆሞን ሥፍራዎች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ።

ከመንደሩ የወጡት ቼስትነቶች ዘረመል ተመርምሮ እርስ በርስ በጣም የተቀራረበ ሆኖ ተገኝቷል። የዱር ደን እንዲህ አይሆንም፤ ሰው ጥሩ ጥሩውን እየመረጠ ሲያበዛ ነው እንዲህ የሚሆነው። በመንደሩ ዙሪያ የነበረው ደን የተጠበቀ የፍሬ ደን ነበር ማለት ነው። ንግዱም ሩቅ ነበር። ባልጩት ከሰሜኑ ትልቅ ደሴት ከሆካይዶ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ ጄድ የተባለው አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ ከኢቶይጋዋ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ይደርሳል፤ የቀስት ጫፍ የሚጣበቅበት ሬንጅ ከአኪታ ይገኛል። ጄድ ከብረት የማያንስ ጠንካራ ነው፤ እነሱ ግን በአሸዋና በትዕግሥት ይበሱት ነበር።

ስለ ጥበባቸው ስናገር ከየት እንደምጀምር አላውቅም። በኒጋታ፣ በሺናኖ ወንዝ ዳር፣ ከ5 ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት የተሠሩ ድስቶች አፋቸው ዙሪያ እንደ እሳት ነበልባል ወደ ላይ ይንቀለቀላል። ያለ መንኮራኩር፣ የጭቃ ጥቅልል በጥቅልል ላይ እየደረቡ በእጅ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ለምግብ ማብሰያ የማይመች ቅርጽ ይመስላል፤ ነገር ግን በአንዳንዶቹ ውስጥ ያረረ ምግብ ተገኝቷል። ሠዓሊው ኦካሞቶ ታሮ በ1951 በቶኪዮ ሙዚየም የጆሞንን ሸክላ አይቶ በቀጣዩ ዓመት ስለ ውበቱ ጻፈ፤ ከዚያ በፊት እነዚህ ሸክላዎች የቁፋሮ ማስረጃ እንጂ የጃፓን ጥበብ አካል ተደርገው አይታዩም ነበር።

ሌላው ኡሩሺ ነው። ኡሩሺ ከዛፍ ተደምቶ የሚወጣ ሙጫ ነው፤ ትኩሱ ቆዳ ያቆስላል። ተጠልሎ፣ ተማስሎ፣ ውሃው ወጥቶለት፣ ከቀይ አፈር ጋር ተዋሕዶ፣ እርጥበት ባለበት ቦታ እንዲደርቅ ይደረጋል። በደቡብ ሆካይዶ ካኪኖሺማ በተባለ ሥፍራ፣ በአንድ መቃብር ውስጥ፣ በቀይ ኡሩሺ የተቀባ ክር የተሸመነበት ጌጥ ተገኝቷል፤ ዕድሜው 9 ሺሕ ዓመት ገደማ ነው። በ2002 የተቀመጠበት ቤት ተቃጥሎ ብዙው ጠፋ፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

ዶጉ የሚባሉት የሸክላ ምስሎች በብዙ ሺሕ ይቆጠራሉ። ብዙዎቹ ሴት ናቸው፤ ብዙዎቹም የተሰበሩ ናቸው። በያማናሺ ሻካዶ ከተባለ ሥፍራ ከ1,100 በላይ ዶጉ ሲወጣ ደህናው እጅግ ጥቂት ነበር። ሆን ተብለው ይሰበሩ ነበር የሚል ግምት ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ቆይቷል፤ የታመመ ሰው ሕመሙ ወደ ምስሉ እንዲተላለፍ፣ ወይም የምትወልድ ሴት እንድትድን። ይህ ግምት ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሃቺኖሄ አጠገብ ካዛሃሪ በተባለ ሥፍራ በ1989 የወጣውን ዶጉ ልብ በሉት። ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል፤ እጆቹን ከፊቱ አቆላልፏል፤ ወይ ይጸልያል፣ ወይ ምጥ ይዞታል። እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ ስብራቱ ላይ ሬንጅ አለ። በዚያን ዘመን የነበረ ሰው ጠግኖታል ማለት ነው። ሁሉም ለመሰበር የተሠራ ቢሆን ኖሮ አንዱን ማን ይጠግናል? በ1975 ደግሞ ሆካይዶ ውስጥ አንዲት ሴት ማሳዋ ላይ ድንች ስትቆፍር ሌላ ዶጉ አገኘች፤ ውስጡ ባዶ፣ እጆቹ የሌሉ፣ ከ41 ሴንቲ ሜትር በላይ ቁመት ያለው ነው። ሁለቱም ዛሬ የጃፓን ብሔራዊ ሀብት ናቸው።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚነካኝ ግን ምስል አይደለም፤ አጽም ነው። ሆካይዶ ውስጥ ኢሪኤ ከተባለው የዛጎል ክምር፣ 4 ሺሕ ዓመት ገደማ የሆነው የአንድ ሰው አጽም ወጣ። የራስ ቅሉ እንደማንኛውም ሰው ነው፤ የእጅና የእግር አጥንቶቹ ግን እጅግ ቀጭን ናቸው። ሐኪሞች ከልጅነቱ ጀምሮ በፖሊዮ ወይም በተመሳሳይ በሽታ እግርና እጁ እንደሰለለ ያምናሉ። ይህ ሰው ቆሞ ሊሄድ፣ ሊያድን፣ ፍሬ ሊለቅም አይችልም ነበር። ሆኖም 20 ዓመት ገደማ እስኪሞላው ኖሯል። ይህን ሁሉ ዓመት ያጎረሰው፣ ያጠበው፣ የተሸከመው ሰው አለ፤ ሲሞትም ከሌሎቹ ሙታን ጋር በወግ ተቀብሯል። «የዱር ኑሮ ደካማን አይምርም» የሚል ሰው ይህን አጽም ያስረዳኝ።

ስለ ጠብም ተጠንቷል። በ2016 የታተመ ጥናት ከመላው ጃፓን የተሰበሰቡ የጆሞን አጽሞችን መርምሮ፣ በሰው እጅ የሞቱት 1.8 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አስልቷል። በሌላው ዓለም በጥንት አዳኞች ላይ ከተደረሰባቸው ብዙ ግምቶች ዝቅ ያለ ነው። ቀስት ነበራቸው፤ መጥረቢያ ነበራቸው። በመንደሮቻቸው ዙሪያ ግን የመከላከያ አጥርና ቦይ አይገኝም ማለት ይቻላል።

ገነት ነበረ እያልኩ አይደለም። የጆሞንን ዘመን የጠፋ ገነት አድርገው የሚጽፉ አሉ፤ እነሱም እንደ ድሮው የትምህርት ቤት መጽሐፍ ያስቱናል። በሳናይ ማሩያማ በሸክላ ውስጥ የተቀበሩ ሕፃናት በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ በአንዳንዶቹ ሸክላዎች ውስጥ ክብ ድንጋይ አብሮ ተቀምጧል። ስታርች የበዛበት ፍሬ ስለሚበሉ ጥርሳቸው ይበላ ነበር። ከ7,300 ዓመት ገደማ በፊት ከደቡቡ ትልቅ ደሴት ከኪዩሹ በስተደቡብ ባሕር ውስጥ ያለው የኪካይ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ፣ ከሌላው ጃፓን ቀድሞ መንደር የሠራውን የደቡቡን ሕዝብ አጠፋው። ኮያማ ሹዞ የተባሉት ምሁር በሥፍራዎቹ ብዛት ተመርተው እንደገመቱት፣ በዘመኑ አጋማሽ 260 ሺሕ ገደማ የነበረው ሕዝብ በዘመኑ መጨረሻ ወደ 76 ሺሕ ገደማ ወረደ። አየሩ ቀዘቀዘ፤ በፍሬው ደን ላይ የቆመ ኑሮ አብሮ ተናጋ። ትልልቆቹ መንደሮች ተበተኑ። ሰዎቹ ግን አልጠፉም፤ ወደ ትናንሽ መንደሮች ተከፋፍለው፣ የድንጋይ ክበብ እየሠሩ፣ ሙታናቸውን ለማሰብ እየተሰበሰቡ ቀጠሉ። በአኪታ የሚገኙት ሁለቱ የኦዩ የድንጋይ ክበቦች የዚህ ጊዜ ሥራ ናቸው።

ሩዝ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከኮሪያ ልሳነ ምድር የተሻገሩ ሰዎች ውሃ የሚተኛበትን የሩዝ ማሳ፣ ቆይቶም ነሐስና ብረትን ወደ ሰሜን ኪዩሹ አስገቡ። ይህ ዘመን ያዮይ ይባላል። በ2003 የጃፓን ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም ተመራማሪዎች በአዲስ የካርቦን ልኬት የሩዙን መግቢያ ቀድሞ ከሚታመንበት በ500 ዓመት ገደማ አስቀድመው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 10ኛው ክፍለ ዘመን ወሰዱት። ክርክሩ አላበቃም፤ ቢሆንም አንድ ነገር ግልጽ ሆኗል፦ ሩዝ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ለመዳረስ ብዙ መቶ ዓመታት ፈጅቶበታል። የጆሞን ሰዎች ባዩት ጊዜ ሮጠው አልተቀበሉትም። ከሩዝ ጋር ደግሞ በቦይ የታጠሩ መንደሮች፣ ራስ የሌላቸው አጽሞችና አለቆች መጡ።

ወደ ሰሜን እንመለስ። አኦሞሪ ውስጥ ኢናካዳቴ በተባለ መንደር፣ ታሬያናጊ በሚሉት ሥፍራ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከ2 ሺሕ ዓመት በላይ የሆናቸው 656 ትናንሽ የሩዝ መደቦች ተቆፍረው ወጡ። የገበሬዎቹ የእግር አሻራ፣ የልጆች ጭምር፣ ጭቃው ላይ አለ። ሰሜኖቹም ሩዝ ሞክረዋል ማለት ነው። ጎርፍ መጥቶ ማሳውን በደለል ሸፈነው። ከዚያ በኋላ በዚያ አካባቢ ለብዙ መቶ ዓመታት የሩዝ ማሳ አይታይም። ሞክረው ተዉት። አየሩ ለሩዝ አይመችም ነበር፤ እነሱ ደግሞ ሌላ አኗኗር ያውቁ ነበር። «ገበሬ መሆን አቃታቸው» የሚለው አባባል ለእኔ ትርጉሙን ያጣው ስለ ታሬያናጊ ካነበብኩ በኋላ ነው።

በሆካይዶ ሩዝ ጭራሽ ሥር አልሰደደም። የአደንና የዓሣ ኑሮ እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በዚያው መልክ ቀጠለ፤ ከዚያም በብዙ ለውጥና ከሰሜን ከመጡ ሌሎች ሕዝቦች ጋር ተቀላቅሎ ወደ አይኑ ሕዝብ ባህል አመራ። በ2019 ከሆካይዶ አጠገብ ሬቡን በተባለች ደሴት የተገኘ የአንዲት የጆሞን ሴት አጽም ዘረመል ሙሉ በሙሉ ተነቦ ታተመ። የኖረችው ከ3,500 ዓመት በላይ በፊት ነው፤ በአርክቲክ ሕዝቦች ዘንድ የሚታወቅ፣ ስብ የበዛበትን ምግብ ለመፍጨት የሚያግዝ የዘረመል ለውጥ ነበራት። በዛሬዎቹ የዋናዎቹ ደሴቶች ጃፓናውያን ደም ውስጥ ከጆሞን የተወረሰው ከ10 እስከ 20 በመቶ ገደማ ነው፤ በኦኪናዋ ሰዎች ከዚህ ይበልጣል፤ በአይኑ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

አይኑዎች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መሬታቸውን፣ ቋንቋቸውንና የሳልሞን ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን ተነጥቀዋል። ጥንታውያን ሰዎችን እናጠናለን ያሉ ምሁራን መቃብሮቻቸውን እየቆፈሩ አጽማቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ወስደዋል። የጃፓን ፓርላማ አይኑዎችን ነባር ሕዝብ ብሎ የተቀበለው በ2008 ነው፤ በሕግ የጸደቀው በ2019 ነው። በ2020 በሺራኦይ ኡፖፖይ የተባለው የአይኑ ሙዚየምና መታሰቢያ ሲከፈት፣ ከዩኒቨርሲቲዎች የተመለሱ አጽሞች የሚያርፉበት ቤት አብሮ ተሠራ። ከአይኑዎች መካከል ግን አጽሞቹ በአንድ ቤት መሰብሰባቸው አይበቃም፣ ወደ ተወሰዱበት መንደር አፈር ይመለሱ የሚሉ አሉ። አንዳንዶቹ በፍርድ ቤት ተሟግተው አስመልሰዋል።